ኢግል ስካውት መሆን የኮሌጅ በር ይከፍታል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከቨርጂኒያ ነው። አንድ አባት እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ልጄ 16 ዓመት ተኩል ሆኖታል፣ 11ኛ ክፍል ነው። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ስካውት ውስጥ አለ። አሁን ላይፍ የሚባለው ማዕረግ ላይ ደርሷል። ለመጨረሻው፣ ለኢግል፣ ፕሮጀክቱና ጥቂት ባጆች ቀርተውታል። እሱ ግን ሰልችቶታል። የሥራ ባልደረባዬ ‹ኢግል ከሆነልህ ሀርቫርድም ቢሆን ዓይኑን አያሽም› ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ይተወውና ለኮሌጅ መግቢያ ፈተናው፣ ለኤስኤቲ፣ ያጥና› ትላለች። ይሄ ማዕረግ እውነት የሚባለውን ያህል ክብር ይገባዋል? ልጁን ልግፋው ወይስ ልተወው?»

ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ነው የጠየቁኝ። አንዱ ይጠቅማል ወይ ነው፤ ሌላው ይገባዋል ወይ። ማዕረጉ በስሙ ብቻ ኮሌጅ አያስገባም። ልጅዎ እዚያ ለመድረስ የሠራው ሥራ ግን፣ በደንብ ከተነገረ፣ ያግዛል። ለሥራው ክብር ይገባዋል እላለሁ። ለስሙ ግን ያን ያህል አልሟገትም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ላስረዳ። የአሜሪካው የስካውት ድርጅት በ1910 ቦይ ስካውትስ ኦፍ አሜሪካ ተብሎ ተቋቋመ፤ ከ2025 ጀምሮ ስሙ ስካውቲንግ አሜሪካ ነው። ልጁ ስካውት ብሎ ይጀምርና ተንደርፉት፣ ሰከንድ ክላስ፣ ፈርስት ክላስ፣ ስታር፣ ላይፍ እያለ ኢግል ላይ ይደርሳል። 21 ሜሪት ባጅ፣ ማለትም አንድን ሙያ ተምሮ ሲጨርስ የሚሰጥ ምልክት፣ ያስፈልገዋል፤ አብዛኞቹ የግዴታ ናቸው። የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ አለ፣ ካምፒንግ አለ፣ ምግብ ማብሰል አለ፣ የገንዘብ አያያዝ አለ። ላይፍ ላይ ሆኖ ቢያንስ ስድስት ወር በኃላፊነት ቦታ ማገልገል አለበት። ሌሎችን አስተባብሮ አንድ የአገልግሎት ፕሮጀክት ይሠራል። መጨረሻ ላይ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። መስፈርቱ ሁሉ 18 ዓመት ሳይሞላው ማለቅ አለበት፤ ኮሚቴው ፊት መቅረቡ ብቻ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ቀልድ አይደለም።

የባልደረባዎም ወሬ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የመጀመሪያው ኢግል በ1912 አርተር ኤልድሬድ የሚባል የኒውዮርክ ልጅ ነበር። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ኢግል ነበሩ። ጨረቃን የረገጠው ኒል አርምስትሮንግም ኢግል ነበር። ስቲቨን ስፒልበርግም፣ የኒውዮርክ ከንቲባ የነበሩት ማይክል ብሉምበርግም እንዲሁ። አሜሪካዊ በጉርምስናው ካገኘው ነገር ሁሉ 50 ዓመት ሞልቶትም ሲቪው ላይ የሚጽፈው ይህንን ነው። ከአብዮቱ በፊት አገር ቤት ቦይ ስካውት የነበሩ አባቶቻችንም መሐረቡን አንገታቸው ላይ አስረው የተነሱትን ፎቶ እስከዛሬ ያሳዩናል። ክብሩ የቆየ ነው።

ግን ዘመኑ ተለውጧል። ትልቁ የስካውት አጋር የነበረችው የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን በ2019 መጨረሻ ልጆቿን ይዛ ወጣች። በ2020 ድርጅቱ በልጆች ላይ በደረሰ ፆታዊ ጥቃት ክስ ብዛት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ተጎድተናል ብለው ቀረቡ። ዛሬ ማመልከቻ የሚያነበው ሰው ብዙ ጊዜ ከኮሌጅ ራሱ የወጣው በቅርቡ ነው። ስካውት ሆኖ ያደገ ላይሆን ይችላል። «ኢግል» ሲባል ባልደረባዎ የሚሰማቸው ነገር እሱን አይሰማውም።

ቁጥሩንም እንየው። በ2020 ብቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ኢግል ሆነዋል። በሌላውም ዓመት ቢሆን በአስር ሺዎች ነው የሚቆጠሩት። ሀርቫርድ በዓመት ወደ 50 ሺህ ማመልከቻ ይቀበላል፤ የሚያስገባው ከመቶ አራት ገደማ ነው። መጨረሻ ላይ መጥቶ የሚቀመጠው የአንደኛ ዓመት ተማሪ 1,600 አካባቢ ነው። ሀርቫርድ ነገ ተነስቶ «ከኢግል በቀር አልቀበልም» ቢል እንኳ አብዛኞቹ ኢግሎች ውጭ ይቀራሉ። ከስካውቶች መካከል ኢግል የሚደርሱት ከመቶ አስር አይሞሉም፤ እውነት ነው። ማመልከቻ አንባቢው ግን ልጅዎን ከትሩፑ፣ ከስካውት ቡድኑ፣ ልጆች ጋር አያወዳድረውም። ጠረጴዛው ላይ ካሉት ማመልከቻዎች ጋር ነው የሚያወዳድረው።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚቀበሉት ማመልከቻ፣ ኮመን አፕ፣ ላይ ልጁ ከክፍል ውጭ የሚሠራቸውን ነገሮች የሚጽፍበት አስር ቦታ አለ። ለእያንዳንዱ መግለጫ የሚሰጠው 150 ፊደል ነው። 150 ቃል አላልኩም። ለሽልማትና ክብር ደግሞ አምስት ቦታ አለ፤ እያንዳንዱ 100 ፊደል። የስድስት ሰባት ዓመት ስካውትነት እነዚህ ጠባብ ሳጥኖች ውስጥ ነው የሚገባው። አንባቢው መጀመሪያ የሚያየው ትራንስክሪፕቱን ነው፤ ምን ዓይነት ክፍሎች ወሰደ፣ ምን አመጣ። እዚያ ላይ ካልቆመ ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈው አያድነውም። ኮሌጆች ይህንን ራሳቸው ይናገራሉ። በየዓመቱ የሚያወጡት ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ አለ። ክፍል ሲ7 ላይ ለመግቢያ የሚያዩትን ሁሉ «በጣም አስፈላጊ»፣ «አስፈላጊ»፣ «ይታያል»፣ «አይታይም» እያሉ ይመድባሉ። ልጅዎ የሚፈልጋቸውን ኮሌጆች ስም ከሰነዱ ስም ጋር አድርገው ጎግል ላይ ይፈልጉ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከክፍል ውጭ እንቅስቃሴ የሚል መስመር ያገኛሉ። በጎ ፈቃድ የሚል፣ ሰብዕና የሚል፣ የሥራ ልምድ የሚልም አለ። ስካውት የሚል መስመር የለም።

ከዚህም ጠለቅ ብለን ማየት የምንችልበት ዕድል ተገኝቷል። ሀርቫርድ የእስያ ተወላጅ አመልካቾችን ይበድላል ተብሎ በ2018 ቦስተን ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ የሚያነብበት መመሪያ አደባባይ ወጣ። ክሱ መጨረሻው በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘርን ማየት የከለከለበት ውሳኔ ሆነ፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። ለእኛ የሚጠቅመን ነጥብ አሰጣጡ ነው። አንባቢው ለትምህርት፣ ከክፍል ውጭ ለሚሠራው፣ ለስፖርትና ለሰብዕና ለየብቻ ቁጥር ይሰጣል። ከክፍል ውጭ ባለው ዘርፍ 1 ማለት በአገር ደረጃ የታወቀ ወይም ከባለሙያ የማይተናነስ ችሎታ ነው። 2 ማለት በትምህርት ቤቱ ጎልቶ የወጣ ነው፤ የክፍል ፕሬዚዳንት፣ የጋዜጣ አዘጋጅ ዓይነቱ። 3 ማለት በደንብ የሚሳተፍ፣ ግን የተለየ ነገር ያልታየበት። በእኔ ግምት ተራ ኢግል ስካውት 3 ይዞ ነው የሚነሳው። ፕሮጀክቱ ጠንካራ ከሆነና ሌላ ነገር ከታከለበት 2 ይሆናል። ብቻውን 1 አይሆንም።

እኔ በጣም የወደድኩት ግን 5ን ነው። 4 ማለት ምንም ወይም ጥቂት ብቻ የሠራ ነው። ስለዚህ 5 ከዚያ የባሰ ይመስላል፤ አይደለም። 5 የተቀመጠው በተለመደው የክለብ መንገድ ሳይሆን በሌላ መንገድ ብዙ ለሚሠራ ልጅ ነው። ቤተሰቡን የሚረዳ፣ እየተማረ ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅ ማለት ነው። አንባቢው ይህንን ቁጥር ሲጽፍ «ይህ ልጅ ዩኒፎርም የለውም እንጂ ሥራ ላይ ነው» ማለቱ ነው።

ይህንን የማነሳው ለእርስዎ ልጅ ብቻ ብዬ አይደለም። የኛን ልጆች ማመልከቻ ሳይ የሚያናድደኝ ነገር አለ። እሁድ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ቅዳሴ የሚገባ ዲያቆን አለ፤ ዓመታት ግዕዝ ተምሯል፣ ሕፃናት ያስተምራል። ማመልከቻው ላይ አንድ መስመር የለም። ለምን ስል «እሱ እኮ ሃይማኖት ነው» ይሉኛል። እናቷ የሌሊት ፈረቃ ስትገባ ሁለት ታናናሾቿን አብልታ፣ የቤት ሥራ አሠርታ የምታስተኛ ልጅ አለች። ለአያቷ ሆስፒታል የምታስተረጉመውም እሷ ናት። እሷም አትጽፈውም፤ ቤት ውስጥ መርዳት ግዴታ ብቻ ሳይሆን አክቲቪቲም ነው ብሎ የነገራት ሰው የለም። ኮመን አፕ ግን ከምርጫዎቹ መካከል የቤተሰብ ኃላፊነት የሚል አስቀምጧል። በ2016ም ከሀርቫርድ የትምህርት ፋኩልቲ የወጣና ብዙ ኮሌጆች የፈረሙበት ሪፖርት፣ ለቤተሰብ የሚደረግ አስተዋጽኦ ከሌላው አገልግሎት እኩል ይታይ ብሎ ነበር።

እንግዲህ «ይገባዋል ወይ» ላሉት መልሴ እዚህ ላይ ነው። ኢግል ለመሆን አቅራቢያ ትሩፕ መኖር አለበት። ማክሰኞ ማታ የሚያደርስ መኪና፣ ቅዳሜና እሁድ ሥራ የማይገባ ወላጅ፣ ለዩኒፎርምና ለሰመር ካምፕ የሚወጣ ገንዘብ ይጠይቃል። ኡበር የሚነዳ አባት ዓርብ ማታና ቅዳሜ ነው የሚያተርፈው። ካምፒንጉም ዓርብ ማታና ቅዳሜ ነው። ሴቶች ደግሞ ወደዚህ ፕሮግራም የገቡት ገና በ2019 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሴት ኢግሎች ማዕረጉን በይፋ የተቀበሉት በ2021 መጀመሪያ ነው። የሴቶቹ ድርጅት፣ የገርል ስካውት፣ ከፍተኛ ሽልማት የሆነው ጎልድ አዋርድ ከኢግል ፕሮጀክት የማይተናነስ ሥራ የሚጠይቅ ነው፤ እንደውም ዘላቂ ለውጥ አሳዩ ይላል። ግን ስንት ሰው ስሙን ሰምቷል? አንድ ኮሌጅ በስሙ ብቻ ለኢግል ነጥብ ቢሰጥ፣ የሚሸልመው ልጁን ብቻ ሳይሆን የወላጁን መኪናና የሥራ ሰዓትም ነው። ስለዚህ አንባቢዎቹ ስሙን አይተው አለመደንገጣቸው ልክ ይመስለኛል።

ሆኖም ማዕረጉ ከብዙ ክለቦች የሚበልጥበት ነገር አለ። 11ኛ ክፍል ላይ ድንገት የሚበቅሉ ክለቦችን እናውቃቸዋለን። አባሉ አራት ነው፤ አራቱም ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው። ኢግልን ግን ማንም በአንድ ሰሞን አይፈጥረውም። ዓመታት ይፈጃል፣ ከትሩፑ ውጭ የመጣ አዋቂ ጭምር ፈትሾ ነው የሚፈረመው፣ የጊዜ ገደቡም አይለመንም። አንድ ልጅ የጀመረውን ረጅም ነገር መጨረስ እንደሚችል የሚያሳይ ነው። ይህ ለአንባቢ ትንሽ ነገር አይደለም።

በስሙ የሚቆጠርበት ቦታም አለ። ልጅዎ ዌስት ፖይንት ወይም አናፖሊስ ካሰበ ጨዋታው ይለወጣል። ወታደራዊ አካዳሚዎቹ ኢግልን ለይተው ይጠይቃሉ፤ ከገቡት ተማሪዎች ስንቱ ኢግል ወይም ጎልድ አዋርድ እንዳለው በየዓመቱ ያወጣሉ። ዜግነትና ጥቆማ፣ በአብዛኛው ከኮንግረስ አባል፣ ግን ያስፈልጋል። የኢግሎች ብሔራዊ ማኅበርም ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ አንዳንድ ኮሌጆችም ለኢግልና ለጎልድ አዋርድ የመደቡት ገንዘብ አላቸው። ከሌላው ወገን ደግሞ እንደ ኖቫ ወይም ሞንጎመሪ ኮሌጅ ያለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚገባ ልጅ ማዕረጉ ምንም አይጨምርለትም፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎችም የሚያዩት በዋናነት ክፍሎቹንና አማካይ ውጤቱን፣ ጂፒኤውን፣ ነው፣ ኤሴይ እንኳ አይጠይቁም።

ወደ ፕሮጀክቱ ልምጣ። ልጅዎ የሚያተርፈው ከባጆቹ ሳይሆን ከዚህ ነው። ፕሮጀክቱ ለትምህርት ቤት፣ ለሃይማኖት ተቋም ወይም ለማኅበረሰብ የሚጠቅም መሆን አለበት። ለስካውት ድርጅቱ ለራሱ ወይም ለንግድ ድርጅት አይሆንም። ገንዘብ ማሰባሰብ ብቻም አይበቃም። የኛ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የኮሚዩኒቲ ማዕከል ይሆናል ማለት ነው፤ ብዙ ወላጅ ይህንን አያውቅም። የተወሰነ የሰዓት ብዛት አያስፈልግም። የሚታየው ልጁ አቅዶ ሌሎችን መምራቱ ነው።

እንዲህ እንበል። አንድ ልጅ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ በካርቶን ተከምረው የነበሩትን የሰንበት ትምህርት ቤት መጻሕፍት አየ። መደርደሪያ ልሥራ አለ። ማመልከቻው ላይ እንዲህ ቢጽፍስ፦ «ኢግል ስካውት። 21 ሜሪት ባጅ አግኝቻለሁ። አመራርና ታታሪነት ተምሬበታለሁ።» አንባቢው ይህንን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ጠዋት አንብቦታል፤ ትናንትም አንብቦታል። እንዲህ ቢጽፍስ፦ «መደርደሪያ ለቤተ ክርስቲያን፤ 14 ልጆችን አስተባበርኩ፤ እንጨት ለምኜ አገኘሁ፤ የአማርኛና እንግሊዝኛ ካታሎግ፤ ሕፃናት ይዋሳሉ።» ሁለቱም ሳጥኑ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው ግን ሰው ያሳያል። ማዕረጉን ሽልማት የሚለው ቦታ ላይ ያስቀምጠው፤ ይህንን አክቲቪቲ ላይ። አንዱን ነገር ሁለቴ አይጻፈው።

ኤሴይውን በተመለከተ፣ ስለ ኢግልነት አይጻፍ እላለሁ። እንጨቱ ሦስት ኢንች አጥሮ ስለተቆረጠበት ቅዳሜ ይጻፍ። ከካህኑ ፈቃድ ለመጠየቅ አማርኛው ሲተሳሰርበት ምን እንዳደረገ ይጻፍ። ከሁሉም በላይ፣ ወንድሜ፣ ፕሮጀክቱን እርስዎ እንዳይሠሩት። መዶሻውን አባት ይዞ ልጁ ፎቶ የሚነሳበት ፕሮጀክት ብዙ ነው። ልጁ ኢንተርቪው ላይ ስንት ብሎን እንደገባ ሲጠየቅ አባቱን ያስታውሳል።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን ያውጡ። ሁላችሁም 18ኛ ዓመት ልደቱን እያያችሁ ነው። ለኮሌጅ የሚቆጠረው ቀን ግን ቀድሞ ይመጣል። ቀደም ብለው የሚቀበሉ ኮሌጆች ማመልከቻ በአብዛኛው ኖቬምበር 1 ይዘጋል፤ የመደበኛው ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ። ኢግል በዚያ ጊዜ ካላለቀ «ላይፍ ስካውት፣ የኢግል ፕሮጀክት በሂደት ላይ» ብሎ ይጽፋል። ነውር የለውም። ካለቀ በኋላ ለኮሌጆቹ አጭር ማሳወቂያ መላክ ይችላል።

ዛሬ ማታ ልጁን ሦስት ባጅ ይጠይቁት፤ ፐርሰናል ማኔጅመንት፣ ፐርሰናል ፊትነስና ፋሚሊ ላይፍ። ብዙ ልጅ የሚወድቀው እነዚህ ላይ ነው። ከባድ ሆነው አይደለም፤ መቸኮል ስለማይቻል ነው። የመጀመሪያው 13 ሳምንት ተከታታይ ወጪና ገቢ መመዝገብ ይጠይቃል። ሁለተኛው 12 ሳምንት የስፖርት ፕሮግራም። ሦስተኛው 90 ቀን የቤት ውስጥ ሥራ መዝገብ። ካልጀመራቸው ዛሬውኑ ሦስቱንም አንድ ላይ ይጀምር፤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ካምፒንግ ባጁ 20 ሌሊት ውጭ ማደር ይፈልጋል፤ ስንት እንደቀረው ይቁጠር። የፕሮጀክቱ ፕሮፖዛል ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በተቀባዩም በትሩፑም በካውንስሉም፣ በአካባቢው የስካውት ጽሕፈት ቤት፣ መጽደቅ አለበት፤ የፊርማው ዙር ሳምንታት ይበላል። ፕሮፖዛሉ በስፕሪንግ ከተፈረመ ሥራው በጁላይ ያልቃል።

ባለቤትዎም ልክ ናቸው። ጂፒኤው ወይም ኤስኤቲው ችግር ላይ ከሆነ ቅድሚያው እሱ ነው፤ ኢግል የሲ ውጤትን አያስረሳም። በደህና ሁኔታ ላይ ከሆነ ግን ሁለቱ አይጋጩም። ኤስኤቲውን በስፕሪንግ ይፈተን፣ ፕሮጀክቱን በሰመር ይሥራ፣ ካስፈለገ ኦገስት ላይ ኤስኤቲውን ይድገም።

የሰለቸው ምኑ እንደሆነም ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ የወረቀቱ ብዛት ነው፣ ወይም ጓደኞቹ ለቀው እሱ ከትናንሽ ልጆች ጋር ብቻውን ቀርቷል። ወረቀቱ ከሆነ አንድ ቅዳሜ አብረውት ይቀመጡና ዝርዝሩን ያውጡለት፤ ከዚያ በኋላ ከእጅዎ ይውጣ። ጉዳዩ ሌላ ከሆነና ጊዜውን ለሮቦቲክስ ወይም ለሥራ ልስጠው ካለ፣ ያንን ነገር እውነት የሚሠራው ከሆነ ይልቀቁት። ኮሌጅ «ለምን ኢግል አልሆንክም» ብሎ አይጠይቅም። ቢተወው እንኳ ላይፍ ስካውት ብሎ የቆየበትን ዓመታት ይጻፍ፤ ኢግል ስላልደረሰ ብቻ ያን ሁሉ ከማመልከቻው እንዳያወጣው።